በጎቹ ሲወርዱ ነይ

ስካጋፊዮርድ፣ ሐምሌ 9

ለምወድሽ ልጄ ለሂልዱር፣

እኔም አባትሽም አለን። ኒውዚላንድ አሁን ብርዱ ከብዷል ብለሽኛል። እዚህ ደግሞ ሌሊትም ፀሐይዋ አልገባ ብላ አባትሽ መስኮቱ ላይ የፈረስ ብርድ ልብስ ሰቅሎ ነው የሚተኛው።

“ለመምጣት የትኛው ወቅት ይሻላል?” ብለሽ መጠየቅሽ አሳቀኝ፤ እዚህ የተወለድሽ አትመስዪም። ግን ገባኝ፣ ባልሽ አገራችንን አይቶ አያውቅም። እንግዳ ሁሉ የሚመርጠው አንቺ ያሰብሽውን ሰኔን ነው፤ ያምራል፣ አልዋሽሽም። በክረምት ሌሊት ሰማይ ላይ የሚጨፍረውን አረንጓዴ ብርሃን ብለው የሚመጡም አሉ። ባለፈው ጥር መንገድ ተዘግቶባቸው እኛ ቤት ያደሩ ባልና ሚስት ነበሩ። የበግ ጭንቅላት ቀቅዬ ባቀርብላቸው፣ ዓይኑን አይተው ደረቅ ዳቦ በልተው ተኙ።

ከጠየቅሽኝ ግን የመጪውን ሰኔ ተዪውና በዚህ መስከረም፣ በጎቹ ከተራራ ሲወርዱ ነይ። ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ የባልሽ ጫማም አይተርፍም። ቢሆንም ነይ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ አባትሽ ከአጠገቤ ስለማይጠፋ ነው። አባትሽ እየረሳ ነው፣ ልጄ። ዕድሜ ልኩን ጎረቤታችን የሆነውን ክያርታንን ባለፈው ሳምንት “አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ?” አለው።

ክያርታን ደህና ሰው ነው። “የማንም አይደለሁም፤ ቡናችሁን ልሰርቅ የመጣሁ ሌባ ነኝ” አለው።

“እንግዲያው ግባ፤ ሌባም ይበርደዋል” አለ አባትሽ። ሁለቱ ሲሳሳቁ እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ሐኪሟ እስከ መጪው ሰኔ ድረስ ብዙ አትጠብቂ ብላኛለች።

በጎቹን ግን አይረሳም። የአካባቢው በግ ሁሉ ትልቁ በረት ውስጥ ተደባልቆ ሰው ጎንበስ ብሎ ባለቤቱ ጆሮዋ ላይ የቆረጠውን ምልክት ሲፈልግ፣ እሱ ቀና እንዳለ ጆሮዋን በጣቱ ይዳብስና “ይቺ የእኛ ናት” ብሎ ይጎትታል። አምናም አንዷንም አልሳተም። ልጅ ሆነሽ ውሻችን የግራ ጆሮሽን ጫፍ የቦጨቀሽ ጊዜ፣ አባትሽ ደሙን እየጠረገ “በቃ፣ ምልክት ወጣልሽ፤ ከእንግዲህ ብትጠፊም ትገኛለሽ” እያለ ያባበለሽ ትዝ ይልሻል?

አምና የእኛዎቹ ገብተው አልቀው በሩን ልዘጋ ስል እጄን ያዘኝ።

“ቆይ፣ አትዝጊው። አንዷ ቀርታለች።”

“ሁሉም ገብተዋል እኮ።”

“ግራ ጆሮዋ የተቆረጠችዋስ?”

የእኛ በጎች ምልክት ቀኝ ጆሮ ላይ ነው። ምስኪን፣ ምልክቱም ጠፋበት ብዬ ከጎረቤት በጎች መሃል እየዞርኩ ስፈልግለት ዋልኩ። ማንን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ሾርባውን እያማሰልኩ ሳለ ነው። ናፍቀሽዋል፣ ሂልዱር። እኔንም ናፍቀሽኛል።

ስትመጪ ኮፍያ አታድርጊ፣ ፀጉርሽን ወደ ኋላ እሰሪው። “ማን ነሽ?” ቢልሽ አትደንግጪ፤ ስምሽንም አትንገሪው። ዝም ብለሽ ከበጎቹ መሃል አጠገቡ ቁሚ። እጁ ጆሮሽን ያገኘዋል።

እግዚአብሔር ባሕሩን አሻግሮ በሰላም ያግባሽ።

እናትሽ ራግንሄይዱር