አልዘጋም ያለን ጠመንጃ በመዳፍ ስለ መምታት

ለተከበሩ የመሣሪያ ደረጃ አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ፤ በተለይ የሁለቱን ዓይኖችዎን። ወንበርዎ እንደ ተደላደለ፣ ማኅተምዎም ቀለም እንዳላነሰው ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በጥገና ክፍሉ የመጨረሻ ጠረጴዛ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል የምቀመጠው መሣሪያ ጠጋኝ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠመንጃ ስፈታና ስገጥም ኮሚቴዎ አንዲት ጥያቄ ጠይቆኝ ጊዜዬን አላባከነብኝም፤ ለዚህም ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ባለፈው ሳምንት ያወጡትን ባለ ሁለት ገጽ ውሳኔ በክፍላችን ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። አንድ ጊዜ ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ወንበር ስቤ ደገምኩት። ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። በጥበቃ ጠመንጃዎቻችን ቀኝ ጎን የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ቁልፍ አለች፤ መግፊያ እንላታለን። ጠመንጃ ሲቀባበል መዝጊያው ጥይቱን ይዞ ወደ ፊት ይሄድና በራሱ ይዘጋል። አልዘጋ ካለ ባለ ጠመንጃው መግፊያዋን በመዳፉ መትቶ በግድ ያዘጋዋል። የጥበቃ ባልደረባ የሆነው የእህቴ ልጅ ከአሥራ አንድ ቀን በፊት በተኩስ ልምምድ ላይ እንደ ተማረው አድርጎ መታት። ተዘጋ። ቃታውን ሲስብ ጠመንጃው ፊቱ ላይ ፈነዳና ቀኝ ዓይኑን አጠፋው።

ኮሚቴዎም ነገሩን መርምሮ፣ አደጋው የደረሰው ተጠቃሚው መግፊያዋን በበቂ ኃይል ባለመምታቱ መሆኑን አረጋግጧል። ስለዚህ መግፊያዋ ወደፊት በእጥፍ እንድትሰፋ፣ ምቱም ከአንድ ወደ ሁለት እንዲያድግ፣ ልጁም እስከ ሐሙስ ድረስ ጥፋቱን በፊርማው አምኖ ከሥራው እንዲሰናበት ወስኗል። በአንድ ምት አንድ ዓይን ከሄደ በሁለት ምት ምን እንደሚሄድ ማስላቱን ለኮሚቴው ባለሙያዎች ትቼዋለሁ። የእኔ ልመና አንድ ብቻ ነው፤ ያቺ ልጁን ጥፋተኛ የምትለው መስመር ከሐሙስ በፊት ትሰረዝ። ቁጥር የያዘ ጽሑፍ እንደሚወዱ ስለ ሰማሁ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. መግፊያዋ በእርግጥ ታስፈልጋለች ወይ የሚለውን በተመለከተ፣ ከእውነት አልሸሽም፣ የምትጠቅምበት ጊዜ አለ። ድምፅ ሳያሰማ ማቀባበል የፈለገ ዘበኛ መዝጊያውን በእጁ ይዞ ቀስ አድርጎ ሲለቀው መጨረሻው ላይ ትንሽ ይቀረዋል፤ ያን ጊዜ ገፋ ቢያደርጋት ማንም አይቀየመውም። ይህን አድርጌያለሁ ብሎ የነገረኝ ሰው በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አራት ነው፤ ከአራቱም አንዱ የታወቀ ውሸታም ነው። ከዚያ ውጭ ጠመንጃ አልዘጋም የሚለው ምክንያት ሲኖረው ነው። ወይ ጥይቱ ተጨራምቷል፣ ወይ አሸዋ ገብቷል፣ ወይ ከፊቱ የተቀረቀረ ነገር አለ። በዚያን ቀን ልጁ አስቀድሞ የተኮሰው ጥይት ባሩዱ ደካማ ስለ ነበር እርሳሱ ሳይወጣ በርሜሉ ጉሮሮ ላይ ቀርቶ ነበር። ቀጣዩ ጥይት መግቢያ አጣ፣ ጠመንጃውም አልዘጋም አለ። ክቡር ሆይ፣ በዚያች ደቂቃ በዚያ ሜዳ ላይ ትክክለኛ ውሳኔ የወሰነው ጠመንጃው ብቻ ነበር። እርሳሱ የተቀረቀረበት ቦታ ላይ ያበጠውንና የተሰነጠቀውን በርሜል እኔው ራሴ ቆርጬ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ኮሚቴው ሊያየው አልመጣም፤ አልፈርድበትም፣ አንድ ፎቅ መውረድ ይጠይቃል።

፪. ካልዘጋ አትምቱት፣ መልሳችሁ ክፈቱትና እዩት የሚል ትምህርት እንዲሰጥ በሰባት ዓመት ውስጥ ሦስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ አላችሁኝ ብል ነውር ይሆንብኛል፤ ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው ተብያለሁ። በዚህ ሰኞ አራተኛውን ይዤ ስመጣ ጸሐፊዎ መሳቢያዋን ልትዘጋ ብትል እንቢ አላት። እኔም አሁን በዳሌዋ ትገፋዋለች ብዬ ስጠብቅ፣ ሴትዮዋ እንደ ሰው መልሳ ስባ ከፈተችው፣ እጇን አስገብታ ከበስተኋላ ተጨማድዶ የተወተፈ ወረቀት አወጣች፣ ከዚያም መሳቢያው በአንድ ጣት ተዘጋ። ወረቀቱ የእኔ ሁለተኛ ደብዳቤ ነበር። ስለ ደብዳቤዬ አላዘንኩም፤ በመሥሪያ ቤትዎ ውስጥ ነገሩ የገባው አንድ ሰው በመኖሩ ተጽናናሁ። ቢቻል የኮሚቴው አባል ትደረግልኝ።

፫. ይህን ቁጥር ብዘለው ደስ ባለኝ፤ ያለፉት አራቱም ደብዳቤዎቼ ዘለውታል።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለጉብኝት መጥተው እንደ ነበር ያስታውሳሉ። ሃምሳ ዘበኛ በሰልፍ ቆሞ በአንድ ትእዛዝ እንዲያቀባብል ታዘዘ። ጠመንጃዎቹ አርጅተው፣ ስፕሪንጋቸው ደክሞ ስለ ነበር አንዱ ሲዘጋ ሌላው እየዘገየ ድምፁ የተበተነ ቆሎ ይመስል ነበር። አለቃዬ በዋዜማው አንድ ነገር አድርግ አለኝ። ስፕሪንግ አምጡልኝ ብዬ መጮኽ ሲገባኝ ብልጥ ሆንኩና፣ ካቀባበላችሁ በኋላ ሁላችሁም እኩል መግፊያዋን ምቷት አልኳቸው። ሃምሳ መዳፍ በአንድ ጊዜ ሲያርፍ እውነትም ደስ ይል ነበር፤ እርስዎም አጨበጨቡ። በወሩ ያ ምት የማቀባበል ሥርዓት አካል ሆኖ በመመሪያ ወጣ፤ ለእኔም በመስታወት የተለበጠ የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ፈታኞቻችን የሚያዳምጡት የምቱን ድምፅ እንጂ ጥይቱ መግባት አለመግባቱን አይደለም። እንግዲህ ለጆሮ እንዲጥም ብዬ የፈጠርኩት ነገር ነው ዛሬ በእጥፍ እንዲሰፋ የተወሰነው።

፬. የእህቴን ልጅ በሰፈሩ እሺታ ይሉታል፤ የታዘዘውን ሁሉ እሺ ስለሚል። ከሦስት ዓመት በፊት የቅጥር ፈተና ሲደርስበት እህቴ ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋውን ወደ ግድግዳ አስጠግተን፣ በመጥረጊያ እንጨት ያለማመድኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ሲሆን እንዲህ ምታ አልኩት። ስህተት መሆኑን እያወቅሁ፣ ፈተናውን ይለፍልኝ ብዬ ነው። እህቴ ከወጥ ቤት ሆና ቀስ በሉ ዕቃ ትሰብራላችሁ እያለች ትስቅ ነበር። አለፈም፤ ድምፁ ከሁሉም ጥርት ያለ ነው ተብሎ ተመሰገነ።

አሁን ሆስፒታል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግማሽ ፊቱ ታሽጎ ተኝቷል። እህቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ብርድ ልብሱን ደግማ ደጋግማ ታስተካክላለች፤ ከእኔ ጋር ብዙም አታወራም። ውሳኔያችሁን ካነበቡለት በኋላ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው።

«ጋሼ፣ በደንብ አልመታሁት ይሆን እንዴ?»

ነገ እነግርሃለሁ ብዬው ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ይህም በውሳኔዎ ውስጥ እንደ በቂ ያልሆነ ኃይል እንዳይመዘገብብኝ እለምናለሁ።

ይህ ደብዳቤ አንዳች ነገር ይለውጣል ብዬ አይደለም የጻፍኩት። ትልቋ መግፊያ እንደ ታዘዘች፣ ናሙናዋም እንደ መጣችና በቀይ ቀለም እንዳማረች ሰምቻለሁ። ከሦስት ወር በኋላ ጡረታ እወጣለሁ፤ በጠረጴዛዬ የሚቀመጠው ሰውም መምታቱን ተምሮ ይመጣል። እኔ የጻፍኩት ልጁን መልስህን ነገ እነግርሃለሁ ስላልኩት ነው።

የኮሚቴዎን ጥበብ ከአንድ ፎቅ በታች ሆኜ አንገቴን አቅንቼ የማደንቅ፣ በተዘጋ በርዎ ፊት ሳልገፋ የምቆም፣ በዕድሜ ታላቅዎ በማዕረግ ግን ከምንጣፍዎ በታች የሆንኩ ታዛዥዎ፣

የመጨረሻው ጠረጴዛ መሣሪያ ጠጋኝ

ማሳሰቢያ፦ ፖስታውን ካሸግሁ በኋላ እንደገና ከፍቼዋለሁ፤ ልማዴ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬ ረቡዕ ጠዋት መልሴን ይዤ ሆስፒታል ስደርስ ልጁ ፈርሞ አገኘሁት። ለምን አልጠበቅኸኝም ብዬ ተቆጣሁ። «አልፈርምም ብል ማን አስተማረህ ብለው ይጠይቁኛል፣ ጋሼ» አለኝ። ስለዚህ መስመሯ ትሰረዝ ያልኩትን ልመና ትቼዋለሁ፤ በእርሱ ስም ምትክ የእኔን ያስገቡ። ማን እንዳስተማረው ኮሚቴዎ እስካሁን አልጠየቀም፤ እኔ ሳልጠየቅ መልሻለሁ። የምስጋና ወረቀቴን ከነመስታወቱ ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬዋለሁ፤ ፊርማው የእርስዎ ነው።