ብቻዋን ሄዳ «ገብተናል» ስላለችው ልጅ

ለተከበሩ የመረዳጃ እድራችን ሊቀመንበር፣ ለአቶ ገብረሕይወት
ሲያትል

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎ፣ የደም ግፊትዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰሞኑን ብዙ የሠሩት ዓይኖችዎ እንደምን አሉ? ስልክ ላይ ያለ ፎቶግራፍ በሁለት ጣት እየለጠጡ ማየት ዓይን እንደሚያደክም አውቃለሁና፣ ፈጣሪ ብርሃኑን አብዝቶ እንዲሰጥዎ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ እንዳልል ቤቴ ሐዘን አለ፤ ሐዘን ላይ ነኝ እንዳልል ደግሞ እድራችን ሐዘን መኖሩን እስካሁን አላወጀም፤ ስለዚህ እርስዎ እስኪወስኑልኝ ድረስ እንደነገሩ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በአባላቱ የስልክ ግሩፕና ኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር ባሉት ሱቆቻችን በር ላይ በግልጽ ያወጣሁት፣ ለእርስዎ ብቻ ብልከው ብቻዎን እንዲያነቡት ማስገደድ ስለሚሆንብኝ ነው፤ ብቻን መሆን በእርስዎ ዘንድ ሰውን የሚያስጠረጥር ነገር መሆኑን በቅርቡ ተረድቻለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ልናገር። እኔ ቤት ያደገችው የእህቴ ልጅ እስከዳር፣ ታኮማ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ የነበረችው፣ ባለፈው ሳምንት ፖርቱጋል ውስጥ አረፈች። እዚያ የሄደችው ሴቶች ብቻቸውን የአውሮፓን የወይን አገሮች በቅንጦት እንዲጎበኙ የሚያሰናዳ ድርጅት ባዘጋጀው ጉዞ ነው። ዶሮ የሚባል ወንዝ አለ፤ ዳርና ዳር ያለው ተራራ እንደ ደረጃ ተቆርጦ ወይን ተተክሎበታል። ወንዙን ቁልቁል የሚያይ የመታጠቢያ ገንዳ፣ ሻንጣ ተሸክሞ የሚያወርድ ሾፌር፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚዘረጋ ገበታ ይጠብቃት ነበር። ስትነግረኝ፣ «ዶሮውን ከነወጡ ነው የሚያቀርቡት ወይስ ወንዙን ብቻ?» ብዬ አሾፍኩባት፤ ያማራት ብቻዋን መሆን ከሆነም ጋራዤን በነፃ እንደማከራያት ነገርኳት።

«ጋሼ፣ ጋራዡ ውስጥ አንተ አለህ፤ እኔ የምፈልገው ደወል የሌለበት ቦታ ነው» አለችኝ። የሰው ደወል በጮኸ ቁጥር ስትነሣ የኖረች ልጅ ናት። እዚያ ደርሳ አንድ ምሽት ወንዙን እያየች እራቷን በላች፤ በማግስቱ ጠዋት አልጋዋ ላይ ልቧ ቆሞ ተገኘች። አስከሬኗ ሐሙስ ይገባል፤ ቀብሯ ቅዳሜ ነው።

ከዚህ በታች ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን ማለቴ ነው፣ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ እስከዳር እንደደረሰች ግሩፑ ላይ «በሰላም ገብተናል፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ጻፈች፤ የገበታውንም ፎቶ አንስታ ላከች። እርስዎ ለቋንቋ ካለዎት ጥልቅ ፍቅር የተነሣ ሌሎቻችን «እንኳን በሰላም ገባሽ» ስንል፣ «ገብተናል ካለች ሁለት ናቸው፤ ከማን ጋር ነው የገባችው?» ብለው ጠየቁ። እኔ ፊደልን ከጋዜጣ ቁራጭ ላይ የለቀምኩ፣ ሰዋስውን ከሰው አፍ የሰማሁ ሰው ነኝና ላርምዎ አልደፍርም። ይሁን እንጂ ጥያቄዎን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ሚስት አግብቼ አላውቅም፤ ስልክ በተደወለልኝ ቁጥር ግን ሶፋዬ ላይ ለብቻዬ ተጋድሜ «ደህና ነን» እያልኩ ስመልስ ኖሬአለሁ። ከማን ጋር ደህና እንደነበርኩ ኮሚቴው ማብራሪያ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ? ክቡር ሆይ፣ አፋችን የተፈታው እንዲህ ነው፤ «እኔ» ማለት ድፍረት ይመስለናል። አንዱ ብቻውን ታሞ ብቻውን ይድንና «ትንሽ አሞን ነበር» ይላል። ይህች ልጅ ብቻዋን ለመሆን ብላ ውቅያኖስ ተሻግራ እንኳ፣ «ገብቻለሁ» ለማለት አፏ እሺ አላላትም።

ሁለተኛ፦ ፎቶው ላይ የታየው ሁለተኛ ብርጭቆ የውሃ ነው። ውስጡ ያለው ቢጫ ነገር የወንድ ቀለበት ነው ብለው ለተከራከሩት አባል ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ የሎሚ ቅርፊት ነው።

ሦስተኛ፦ መሞቷን ኮል አድርጌ ባረዳሁዎት ሰዓት ድምፅዎ ተሰብሮ «አይዞን» ብለውኛል፤ ውለታዎ አለብኝ። በማግስቱ ግን በግሩፑ በኩል እንዲህ የሚል መልእክት ደረሰኝ፦ «የሟችን ሁኔታ በጥሞና ተመልክተናል፤ አብሯት የነበረው ሰው ማንነት እስኪጣራ ድረስ እድሩ ጥሪ እንዳያደርግ፣ አዳራሽም እንዳይከፈት ወስነናል።» እኔም ከሐዘንተኛ በማይጠበቅ ትጋት የኮሚቴ አባላቱን እየደወልኩ ላመሰግን ተነሣሁ። ገንዘብ ያዣችን ወይዘሮ ደስታነሽ፣ «ውይ ጋሽ መንግሥቴ፣ እኔ እንደ ሰው ሁሉ ግሩፑ ላይ ነው ያየሁት፤ ሚቲንግም አልነበረን! ሶ… ጥሪው ይደረግ እንጂ ማን ይቀራል?» አሉኝ። አቶ አማረ፣ «ኦኬ፣ እኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ ግን ሊቀመንበሩን አልፌ ብመጣ ነገር ይሆናል» አሉኝ። ሌሎቹም የተናገሩት ከዚህ አይርቅም። ስለዚህ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ፤ እርስዎ «ወስነናል» ሲሉ አብሮዎት የነበረው ሰው ማን ነው? ማንነቱ ይጣራልን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አምኜ ልቀበል። በእርግጥም አንድ ሰው አብሯት ነበር፤ ከእርስዎ የሚደበቅ ነገር የለምና ስሙንም እሰጥዎታለሁ። ግራሳ ይባላሉ፤ ቤቱን የሚያጸዱ አሮጊት ሴት ናቸው። ቁርስ ይዘው ገብተው ያገኟት እሳቸው ነበሩ። ወንበር ላይ ጣል ያደረገችውን ነጠላዋን አልብሰዋት፣ አስከሬን የሚወስደው መኪና እስኪመጣ ድረስ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። ስልክ ደውለው በተርጓሚ በኩል የጠየቁኝ፣ «በእናንተ አገር ሟች ብቻውን ይተዋል ወይስ ሰው ይቀመጣል?» ብለው ነው። «ሰው ይቀመጣል» አልኳቸው። በዚያን ጊዜ የእርስዎ መልእክት ገና አልደረሰኝም ነበርና፣ ዋሽቼ እንደሆነ አላውቅም።

አራተኛውን ልተወው አስቤ ነበር፤ ላልናገርም ምዬ ነበር። ያስማለችኝ ግን ሬሳ ሆና እየመጣች ስለሆነ፣ መሐላውን እኔ ላፍርሰው፣ ኀጢአቱንም እኔው ልሸከመው። እናትዎ እማማ ዘሪቱ ታኮማ፣ እስከዳር በምትሠራበት መጦሪያ ያረፉ ጊዜ እድራችን በደንቡ አዳራሽ ከፍቶ፣ ሕዝብ ጠርቶ፣ አልቅሷል። እርስዎም ማይክራፎን ይዘው፣ «እናታችን ስታርፍ ሁላችንም አጠገቧ ነበርን» ብለው ተናገሩ፤ ሕዝቡም «ታድለው!» ብሎ አነባ። እስከዳር ይህን የሰማችው በጓዳ በኩል የእንግዳ ትሪ እያጠበች ነው። ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ፣ «ጋሼ፣ እጃቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ‹ልጄ የታለ?› ሲሉኝ ‹ፓርክ እያደረገ ነው፣ አሁን ይገባል› አልኳቸው። እያመኑኝ ነው የሄዱት። ለማንም እንዳትናገር፣ ማልልኝ» አለችኝ። ያ «ሁላችንም» አንድ ሰው ነበረ፤ እሷም እስከዳር ነበረች። «ነበርን» ሲሉ ግን ከማን ጋር እንደነበሩ አልጠየቀችዎትም፤ የአባባሉን ወግ ስለምታውቅ ትሪዋን ማጠቧን ቀጠለች።

እንግዲህ ምስጋናዬን ላጠቃልል። ስለ ሥነ ምግባራችን በመጨነቅዎ፣ በአንዲት ቃል ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ በመቁጠርዎ፣ አባላቱ በቅዳሜ ቀን እንዳይደክሙ በማሰብዎ አመሰግናለሁ። ሴት ልጅ ብቻዋን መሄዷን ማመን ያቃተዎት እርስዎ፣ ብቻዋን መቀበሯን ግን ያለ አንዳች ጥርጣሬ ስለተቀበሉልኝ ቃል አጥቻለሁ። እናቷ እስከዳር ብላ ስትሰይማት፣ ሰው ሁሉ እስከ ዳር ይሸኛታል ብላ ሳይሆን አይቀርም፤ መሐል መንገድ ላይ የሚያስቆም ሊቀመንበር እንዳለን ማን ነግሯት?

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥሪው ይደረግ። «እስከዳር አርፋለች፤ ቅዳሜ ጠዋት ትቀበራለች» የምትል አንዲት መስመር ይጻፉ። ይቅርታ ይጠይቁ አልልዎትም፤ ፎቶውንም ከፈለጉ መመርመርዎን ይቀጥሉ።

በሲያትል የኅዳር ሰማይ ሥር ፀሐይን እንደሚጠባበቅ ሰው ውሳኔዎን በትዕግሥት የምጠባበቅ፣ ለረጅም ዕድሜዎና ለእጅግ ዘግይቶ ለሚመጣው ቀብርዎ ድምቀት ዘወትር የምጸልይ፣ ታናሽዎና የእድሩ ዝቅተኛ አባል

መንግሥቴ
የእስከዳር አጎት

ማስታወሻ፦ ጥሪውን ቢያደርጉትም ባያደርጉትም፣ ቅዳሜ ጠዋት እንቀብራታለን። «እንቀብራታለን» ያልኩት እንደ እሷ አነጋገር ነው፤ ይህን እስከጻፍኩበት ሰዓት ድረስ እኔ ብቻዬን ነኝ።