ጉሉማ ከብቱን ሊያጠጣበት የፈለገው ባሕር

ለልጄ ለማናልበሽ ኃይለየሱስ፣

በሰው አገር እግዚአብሔር ይጠብቅሽ እያልኩ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ጉንፋኑን ተከትሎ የያዘሽ ሳል ለቀቀሽ? የሌኒንግራድ ብርድ ከሳነቴ ተራራ ይብሳል ያልሽው እውነት ነው? እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏ ደህና ነው። እኔም ዛሬም መሰላል ላይ እወጣለሁ፤ ውረድ የሚለኝን አልሰማም።

ደብዳቤሽ ከነፖስት ካርዱ ደርሶኛል። ሥዕሉ የወደብ ነው ብለሻል። ፈረንሳዮች ከዘጠና ዓመት በፊት ቀለሙን ሳያዋህዱ ነጥብ በነጥብ ይሥሉ ነበር፤ የሚያዋህደው የተመልካቹ ዓይን ነው ብለሽ ጽፈሻል። እናትሽ ግን ደብዳቤው እስኪነበብ መቼ ጠበቀች? "ዝንብ ተጫውቶበታል" ብላ ካርዱን በእርጥብ ጨርቅ ስትፈትግ ደረስኩባት። አንዱ ጥግ ነጥቷል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደብዳቤውን ካነበብኩ በኋላም ከዝንብ የተሻለ ሠሪ አልታየኝም። ሠላሳ ዓመት የሱቅ፣ አሁን ደግሞ የቀበሌ ታፔላ ስሠራ ማንም ሳያስተምረኝ የያዝኩት ሕግ፣ ቀለም ጣሳው ውስጥ ተዋህዶ ይወጣል የሚል ነው።

ስለዚህ መምህራንሽ የመመረቂያ ሥዕልሽን በነጥብ ከሠራሽ አናሳልፍሽም ማለታቸውን ሳነብ እሰይ አልኩ። ልተወው ወይስ ልቀጥል ብለሽ ጠይቀሽኛል። "ተዪው" ብዬ የምጽፍበትን ወረቀት ልገዛ ወደ ጀሊል ሱቅ ሄድኩ። ካርዱንም የያዝኩት ልጄ ባሕር ተሻግራ ምን እንደምትማር ላሳየውና ልንሥቅ ነበር።

ጀሊል ካርዱን ከሚዛኑ በላይ መደርደሪያው ላይ አቆመው። ከገሰራ በኩል የመጣ ጉሉማ የሚባል ገበሬ በር ላይ ቆሞ ነበርና "ቢሻን ኩን ኤሳ?" አለ፤ ይህ ውኃ የት ነው ማለቱ ነው። ጀሊል "ባሕር ነው፣ ሩቅ ነው፤ ደግሞም ጨው ነው፣ አይጠጣም" አለው። ጉሉማ ዓይኑን ሳይነቅል "ጨው ከሆነማ ሆራ ነው! ከብቶቼ ይወዱታል። ስንት ቀን ያስኬዳል?" ብሎ ጠየቀ። ከብቱን በየጊዜው ወደ ጨዋማው ምንጭ የሚነዳ ሰው ነውና ቀልዱን አይደለም። ጀሊል "በሶ ሰንቅና ተነሣ" ብሎ ሣቀበት።

እኔ አልሣቅሁም። ሄጄ ጉሉማ አጠገብ ቆምኩ። ውኃው ይንቀሳቀሳል። ቀረብኩ፤ ነጥብ ብቻ ነው። ተመልሼ ራቅሁ፤ ውኃ ነው። ሦስት ጊዜ ስመላለስ ጀሊል "ጋሼ ኃይለየሱስ፣ ወይ ይግቡ ወይ ይውጡ፣ በሩን ዘጉብኝ እኮ!" አለኝ። ልጄ፣ እኔ የሣልኩትን ፈረስ አይቶ የማን ነው፣ የት ይግጣል ያለኝ ሰው በሠላሳ ዓመት አልገጠመኝም።

ከዚያ ወዲህ በቁራጭ ጣውላ ላይ በሮቤ መንገድ ያለውን የገብስ ማሳ በነጥብ ሞከርኩ። የጎባ ጭጋግ የዘይት ቀለም ቶሎ አያደርቅም። ቸኩዬ ሰማያዊውን ከቢጫው ባስጠጋው ተያይዘው ጭቃ ሆኑ። አንዱ እስኪደርቅ ሌላውን ማቆየት ነው መላው። አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ፤ ገብሱ ግን አሁንም ዋግ የመታው ይመስላል። የሰነፍ ሥራ እንዳልሆነ በእጄ አውቄዋለሁ።

ቃሌ ይህ ነው። አሠራሩን አልወደድኩትም፤ እኔ ከነጣሳዬ እሞታለሁ። አንቺ ግን አትተዪው። መምህራንሽን በክብር አናግሪ፣ ቃል አትመልሺ፤ ሥዕሉን ስቀዪና በር ላይ ቆመው እንዲያዩት ለምኚ። እምቢ ብለው ያለ ምስክር ወረቀት ከመለሱሽ ነይ። ሰው ምን ይለኛል አትበዪ። የጀሊል ሱቅ በመንገድ በኩል ያለው ግድግዳ ገና አልተቀባም፤ ለእኔ የተባለውን ለአንቺ አስይዣለሁ። ልጅ ሳለሽ ታፔላዬ ላይ የሣልሽውን ሁለት ጊዜ ፍቄብሻለሁ። ይህን አልፍቅም።

እናትሽ ወለተኢየሱስ ስለ ካርዱ አትቆጪኝ ትላለች። ወንድምሽ ፍስሐና አክስትሽ ውዴ በናፍቆት ሰላም ይሉሻል። አብራሽ ለምታድረው ለይርጋለም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

አባትሽ ኃይለየሱስ
ጎባ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1976 ዓ.ም.