ባለ ጥሩሩ ዳይኖሰርና ሁለተኛው ዓይኑ

ኅዳር 3፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ጀርባው አለቀ። አርባ ሁለት የአጥንት ሰሌዳ፣ እያንዳንዱ በጥቁር መስመር ተከቦ። ክንዴ የኔ አይደለም። ደብተሬ ሆይ፣ ሃያ ዓመት ቅዱሳንን የሣልሁ ሰው ዛሬ በት/ቤት አጥር ላይ ዳይኖሰር እሥላለሁ። ያውም አንኪሎሰር የሚሉትን፤ ከአፍንጫው ጀምሮ እንደ ጦረኛ የአጥንት ጥሩር የለበሰ፣ ጭራው ጫፍ ላይ የአጥንት ዱላ ያበቀለ። ያሠራኝ የሳይንስ መምህሩ ታምራት ነው። ሲያስረዳኝ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ቀለሙን በእርግጥ የሚያውቅ የለም አለኝ። ደስ አለኝ፤ ቀይ አፈር ቀባሁት። የዓይኑ ቆብ ሳይቀር አጥንት ነው አለኝ። የዓይን ቆብ! እንደ መስኮት መዝጊያ! ብሩሼን አስቀመጥሁ። ይህን ባሰበው ሠሪ ቀናሁ።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ዓይኑ ላይ ደረስሁ። ጠብ።

መ/ር ታምራት፦ እንስሳው በጎኑ ስለቆመ የሚታየው አንድ ዓይን ነው። እኔ፦ በእኛ ሙያ አንድ ዓይን ለሰይጣንና ለይሁዳ ነው፤ ደግ ሁሉ በሁለት ዓይኑ ያያል። ምን ይበላል? ቅጠል። ሥጋስ? አይነካም። ዕድሜ ልኩን ጾሞ የሞተን ፍጡር ከይሁዳ ጋር ላሰልፈው? ፊቱን ወደ እኛ ላዙረው አልሁ። አንገቱ ላይ የአጥንት ቀለበት አለ፣ አይዞርም አለ። አንድ ተጨማሪ ዓይን ካየ አጥሩን በኖራ ያስመታዋል።

የት/ቤቱ ዘበኛ አያ ደሴ መሀላችን ገቡ። “ምነው ትጣላላችሁ? ይታረስበታል?” ጭራውን አዩ። “ተዉት። አራሹን ነው የሚያርሰው።”

ኅዳር 7፣ ዓርብ

የላይኛው ደብር አለቃ ምሕረቱ በአጥሩ በኩል አለፉ። ጉድ። ዝናብ ያጠፋውን የደብሩን የጊዮርጊስ ሥዕል ግድግዳ ማን እንደሚሥል የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ያን ግድግዳ የሣለው አባቴ ነበር። ሌላ እጅ ሲነካው ከማይ እጄ ቢቆረጥ ይሻለኛል።

መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። “ዘንዶው ዕውር ነው?” ዘንዶ አይደለም አባ፣ ጾመኛ ነው አልሁ። “እንግዲህ ዓይኑን እናያለን።” ጾመ ነቢያት በሚገባበት ቅዳሜ ተመልሰው ያዩታል።

አንድ ዓይን፦ ለሕፃናት ሰይጣን ሣለ እባላለሁ፤ ግድግዳው ይቀርብኛል። ሁለት ዓይን፦ ኖራ፤ አለቃ የሚያዩት ነጭ አጥር።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ፣ ከምሳ በፊት

መ/ር ታምራት ይቅር ያልሁት መስሎት ይተርካል። አጥንታቸው ብዙ ጊዜ የሚገኘው በጀርባቸው ተንጋለው ነው። ሬሳው ውሃ ላይ ይነፋና ይገለበጣል። ሆዳቸው ጥሩር አልነበረውም። (ደብተሬ፣ ይህን ያዢልኝ።) ከዚያ ጭራው እንዴት እንደሚወዛወዝ ሊያሳየኝ በእጁና በጉልበቱ ተንበረከከ። በንጹሕ ሱሪው! እየዳኸ ወደ እኔ መጣ፣ መቀመጫውን ወደ ቀኝ እየወረወረ።

ከፊት ለፊት አየሁት። ሁለት ዓይን። አንገቱ አልዞረም። ጭራው በጎን ይታያል።

“እንዳትንቀሳቀስ!” ብዬ ጮህሁ። አያ ደሴ ጸበል ሊያመጡ ሮጡ።

ከሰዓት። አርባ ሁለቱን ሰሌዳ በገዛ እጄ በኖራ መታሁ። አላለቀስሁም። ትንሽ።

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ

ከፊት የመጣ፣ ዓይኑ ትልልቅ፣ ሸጋ አንኪሎሰር። መ/ር ታምራት በስልኩ አመሳክሮ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፤ ኖራ የመምታቱ ነገር ቀረ።

አለቃ ከቅዳሴ መልስ መጡ። ዓይኖቹን ቆጠሩ። ሁለት። ቅጠል የሚበላ ይህን ሁሉ ጥሩር የለበሰው ማንን ፈርቶ እንደሆነ ጠየቁ። ያው የሊቃውንቱም ጥያቄ ነው አለ መ/ር ታምራት። ሥጋ በሊታ ጠላት ነበረባቸው፤ ግን በዚያ ዱላ እርስ በርሳቸውም ይደባደቡ ነበር የሚሉ አሉ።

አለቃ መቋሚያቸው እስኪወድቅ ሳቁ። “ጾመኛ፣ በዱላ እርስ በርሱ የሚደባደብ? የኛው ደብር ሰው ነው!” ሲሄዱ ዘወር አሉ። “ሰኞ ቀለምህን ይዘህ ና። የአባትህ ግድግዳ ነው፤ አደራ።”

ወሰንሁ፦ ሁሉም አባቴ እንደሣለው። ነጩ ፈረስ፣ ጦሩ፣ ዘንዶው በጎኑ ባለ አንድ ዓይን፤ ሥጋ በሊታ ነው፣ ክርክር የለም። የዓይኑ ቆብ ብቻ አጥንት ይሆናል። አንዲት ቀጭን መስመር፣ አለቃ የማያዩዋት። ጊዮርጊስ ጦሩን ወዴት እንደሚሰድ ግራ ከገባው እነግረዋለሁ፤ ሆዱ ላይ ጥሩር የለም።