ከሞት ዜና ቀድመው ይደርሱ ስለነበሩት የጋዜጣ አከፋፋይ ስለ ወ/ሮ ኤሊያማ ኦውሴፕ ዕረፍት

የፑላኪራ የጋዜጣ አከፋፋዮች ማኅበር ከነባር አባላቱ አንዷ የነበሩት ወ/ሮ ኤሊያማ ኦውሴፕ ዓርብ ማምሻውን በድንገተኛ የልብ ሕመም ማረፋቸውን ሲያስታውቅ ሀዘኑ ከባድ ነው። መግለጫው ዘግይቶ የወጣው በቸልተኝነት አይደለም። በቦዮች በተከፋፈለችው መንደራችን ጋዜጣ ያድሉበት በነበረው የታንኳ መስመራቸው ላይ ላሉት ቤቶች ሁሉ መርዶው በአፍ ሳይነገር አንዲት ቃል እንዳይጻፍ ኮሚቴው ስለወሰነ ነው። እሳቸውን የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም፤ ለማያውቅ ግን እናስረዳለን።

ወ/ሮ ኤሊያማ እ.ኤ.አ. በ1978 ባለቤታቸው አቶ ኦውሴፕ በሞት ሲለዩ መስመሩን ተረከቡ። ሴት በታንኳ ጋዜጣ ታድላለች ሲባል ያልሳቀ አልነበረም። የጋዜጣ ጥቅሉን የሚያመጣው ጀልባ ጎህ ሲቀድ ወደቡ ላይ ሲያራግፍ፣ ጋዜጣውን ከፊት እስከ ኋላ ሳያነቡ መቅዘፊያ አይጨብጡም ነበር። በዚህም የተነሳ ደንበኛው ምርጫውን ማን እንዳሸነፈ ገጹን ከመግለጡ በፊት ከታንኳው ላይ ይነገረው ነበር። ጠያቂም ነበሩ፤ አዲሱ ቄስ ለምን እንደከሱ ለማወቅ እደላውን አቋርጠው የሚወርዱ ሰው ነበሩ። ይህን የምንጽፈው ለወቀሳ አይደለም። እኛም ወሬ የምንሰማው ከሳቸው ነበር።

በ1981 የሆነው ይህ ነው። በአገራችን ሰው ጋዜጣ ሲይዝ አስቀድሞ የሚገልጠው የሟቾች ፎቶግራፍ ከነዘመዶቻቸው ስም የሚወጣበትን ገጽ ነው። በዚያ ዓመት ክረምት ወ/ሮ ቴሬሲያ የተባሉ እናት ገጹን ሲገልጡ ቦምቤይ ለሥራ የሄደው ልጃቸው ፊት ገጠማቸው። የመርዶው ቴሌግራም የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ወ/ሮ ኤሊያማ ከደጁ አልራቁም ነበርና ጩኸቱን ሰሙ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በመስመራቸው ላይ ማንም የዘመዱን ሞት ከወረቀት እንዲያነብ አልፈቀዱም። ጥቅሉን ሲቀበሉ በመጀመሪያ ያን ገጽ ያያሉ፤ የሚያውቁት ቤተሰብ ካለበት ጋዜጣውን ታንኳው ላይ ትተው ባዶ እጃቸውን ይወርዳሉ፤ ጎረቤት ይጠራሉ፤ ሰውየውን አስቀምጠው ያረዳሉ። ጋዜጣው የሚሰጠው ለቅሶው ጋብ ሲል ነው።

በ1984 የመስመራቸው ቅደም ተከተል ለማኅበሩ እንቆቅልሽ ሆነ። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያኑ የጀመሩ ነገ ከሩዝ ወፍጮው፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ከመሃል ይጀምራሉ። ጋዜጣ ጮክ ተብሎ በሚነበብበት ሻይ ቤት ባለቤቱ አቶ ጎፓላን “ዛሬ ደግሞ ጋዜጣችን የትኛው ቦይ ውስጥ እየዋኘ ነው?” እያሉ በደንበኞቻቸው ፊት ይቀልዱ ነበር። አጣሪዎች ተመደቡ። አንዱ ነፋሱን ተከትለው ነው አለ፤ ሌላው ትኩስ ካሳቫ በዓሣ ወጥ የሚያበላቸውን ቤት ስለሚያስቀድሙ ነው አለ። እሳቸው ሲጠየቁ ውሃው ወደ ወሰዳቸው እንደሚሄዱ ብቻ መለሱ። እኛም አላመንናቸውም፤ ሌላ መልስ ግን አላገኘንም።

በ1996 አዲስ አባላትን እንዲያሠለጥኑ ሲመረጡ ነገሩን ገለጡት። “መርዶ ባለበት ቀን ብቻ መንገዴን ብለውጥ፣ ታንኳዬ የዞረችበት ቤት ሁሉ ልቡ ይቆማል። ሁልጊዜ ከለወጥኩ ግን ማንም አይደነግጥም” አሉ። ወፍጮው ቤት በማለዳ ሲደርሱ ምናልባት ጋዜጣ ብቻ ይዘው ነው፤ ምናልባትም አይደለም። ለአንድ ሰው ክፉ ቀን ሲሉ የሻይ ቤቱን ስድብ ዓመት ሙሉ ይጠጡ ኖረዋል። ሠልጣኞቹ ምስጢሩን ጠብቀዋል። አሁን ይፋ የምናደርገው ስልክ በየኪሱ ገብቶ ከታንኳ ቀድሞ መናገር ስለጀመረ ነው፤ ያም ሆኖ ሁለት የኮሚቴ አባላት ተቃውመዋል።

ስለ ወንድማቸው ዝም ማለት ይቻል ነበር፤ ቤተሰቡ ግን ይጻፍ ብሏል። ወ/ሮ ኤሊያማና ታናሽ ወንድማቸው አቶ ቫርኪ በ1989 በአባታቸው የኮኮናት መሬት ድንበር ተጣልተው ቃል መለዋወጥ አቁመው ነበር። አቶ ቫርኪ ከቦዩ ማዶ ብቻቸውን ዳክዬ ያረባሉ፤ ስልክ የላቸውም። ጋዜጣውን ግን አላቋረጡም። ወ/ሮ ኤሊያማም መስመሩን ለተተኪ ካስረከቡ በኋላ እንኳን ያችን አንዲት ቤት ለማንም አልለቀቁም። በየማለዳው ደረጃው ላይ ያኖሩና ይመለሳሉ። ይህ ኩርፊያ ነው ወይስ ጥየቃ? ብዙ ተከራክረንበታል።

ቅዳሜ የወጣው ጋዜጣ የወ/ሮ ኤሊያማን ፎቶግራፍ ይዟል። አቶ ቫርኪ ከዚያ ገጽ እንዳያነቡት ምክትል ሊቀ መንበራችን አቶ ራጋቫንና የመስመሩ ተረካቢ አቶ ሺጁ ቀድመው ሄዱ። አቶ ቫርኪ ዳክዬዎቹን እየለቀቁ ነበር። አቶ ራጋቫን እንዲቀመጡ ሲለምኗቸው የሁለቱንም ባዶ እጅ አዩ።

“እንዲህ ያለውን የምትነግረን እሷ ነበረች” አሉ። “እሷ ምን ሆና ነው እናንተ የመጣችሁት?”

አቶ ራጋቫን መርዶውን ነገሯቸው። አቶ ቫርኪ ደረጃው ላይ ተቀመጡና አንድ ነገር ጠየቁ።

“ስሜ አለበት?”

በእኛ ዘንድ በዚያ ገጽ ከዘመዶች ጋር ስሙ ያልተጠራ ሰው ከሬሳ ሣጥን አጠገብ አይቆምም። አቶ ቫርኪም ስማቸው ከሌለ እዚያው ዳክዬዎቻቸው ጋር እንደሚቀሩ፣ የእህታቸውን ልጆች በሰው ፊት እንደማያስቸግሩ ተናገሩ። ተወካዮቻችን ፎቶግራፉን አይተው ስላለቀሱ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አላነበቡትም ነበር። ምን እንደሚገጥማቸው ሳያውቁ ጋዜጣውን ከታንኳው አምጥተው በሰውየው ፊት ገለጡት። አቶ ሺጁ የልጆቹን ስም አነበቡ፤ የልጅ ልጆቹን አነበቡ፤ ከዚያ “ወንድም፦ ቫርኪ” አሉ። አቶ ቫርኪ ድገመው አሉ። ተደገመላቸው። ሸሚዝ ቀይረው ወጡና መቅዘፊያውን ከአቶ ሺጁ እጅ ወሰዱ።

ስሙን ያስገባው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጓጉተን የወ/ሮ ኤሊያማን ልጅ ወ/ሮ ሊሲን ጠይቀናል። “እኔ ነኝ። ያን ስም ብዘለው እናቴ ከሣጥኑ ትነሳብኝ ነበር” ብለውናል።

ማኅበራችን ለወ/ሮ ሊሲና ለመላው ቤተሰብ፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸው፣ በየማለዳው ደጃቸው ላይ ሆነው ታንኳቸውን ይጠብቁ ለነበሩ ደንበኞች ሁሉ መጽናናትን ይለምናል። በተለይም ሃያ ዓመት “እህት አለኝ” ሳይሉ ለኖሩት፣ ቅዳሜ ግን ከሣጥኑ ራስጌ ቆመው ለመጣው ሁሉ “እህቴ ናት፣ እህቴ ናት” እያሉ ሰው ሲቀበሉ ለዋሉት ለአቶ ቫርኪ እግዚአብሔር ጽናቱን ይስጥልን።

የፑላኪራ የጋዜጣ አከፋፋዮች ማኅበር
ሐምሌ 2009 እ.ኤ.አ.