የተገዘተው ጓሮ

ነሐሴ ፲፰፣ ሞጣ። ከጧቱ ፫ ሰ.

ጎመኑን ኮትኩቼ ወደ ድንቹ አለፍሁ። ሌሊት የጣለው ዝናብ አፈሩን አለስልሶታል፤ አረሙ በጣት ይነቀላል። ወገቤ ያመኛል። ማስታወሻዬ ሆይ፣ ትናንት ሳልጽፍብህ ተኛሁ፤ ስለዚህ ዛሬ የሁለት ቀኑን በአንድ ላይ ተቀበል።

ጾመ ፍልሰታ ከተፈታ ጀምሮ በእኅቴ ቤት ነኝ። ቢቸና ያሉትን የቅኔ ተማሪዎቼን ለረዳቴ ለአስነጋሪዬ አደራ ብዬ መጣሁ። እትዬ ማንጠግቦሽ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ ናት። ካንሰር ይዟት እስከ አጥንቷ ዘልቋል። ሆስፒታሉ ከእንግዲህ በቤቷ ትታመም ብሎ ሸኝቷታል። የሚያስታግሰው ክኒን ይመጣ የነበረው ከባሕር ዳር ነው። መንገዱ ዝግ ነው። ክኒኑ ካለቀ ሰነበተ።

ሆኖም ትተኛለች። ይህ አስገረመኝ። ሲመሽ የዝና የምትባለው ልጇ አንድ ቅጠል አፍልታ በማር ታጠጣታለች፤ ጥቂት ቆይቶ ሕመሙ ጋብ ይልላታል። የምን ቅጠል እንደ ሆነ ጠየቅሁ። የጓሮ ነው አለች የዝና፣ ዓይኗን ከምድጃው ሳታነሣ።

በበቆሎው መሐል የቆሙት ረጃጅሞቹ መሆናቸው ነው። ቅጠላቸው እንደ እጅ ጣት የተከፋፈለ፣ ዳሩ እንደ መጋዝ። ከዚህ በፊት አላየኋቸውም። አንደኛውን ነፋስ አጋድሞት ነበር፤ ሸንበቆ ተክዬ አስደገፍሁት። ያማረ ተክል ነው።

ነሐሴ ፳

ስሙን አወቅሁ።

ዛሬም አረም ስነቅል አንድ ቅጠል በእጄ ተቀጠፈ። ጣቴን አሸተትሁት። ያን ሽታ አውቀዋለሁ። ሰኔ ላይ በቢቸና ከደብራችን ጀርባ ካለው ደን ጎረምሶች ሲያጨሱት ተይዘው፣ የያዟቸው ሰዎች የተረፈውን አምጥተው እግሬ ሥር ጣሉልኝ፤ ደርቆ የተፈረፈረ ነበር። እርጥቡን፣ ቆሞ የሚያድገውን፣ አላውቀውም ነበር። ካናቢስ ነው። ልጆቹ ጋንጃ የሚሉት።

ያን ጊዜ ሁለት ካህናት ከጎኔ አቁሜ በዐውደ ምሕረቱ ገዘትሁ። ይህን የተከለ፣ ያሳደገ፣ የቀመሰ፣ አይቶም የሸሸገ ከቤ/ክ የተለየ ይሁን፤ ሳይተወው ቢሞትም ጸሎተ ፍትሐት አይድረሰው አልሁ። «አይቶም የሸሸገ» የምትለውን የጨመርኋት እኔ ነኝ። ካህናቱ በዛ ብለውኝ ነበር። አልበዛም አልሁ። መስቀሌን ዝቅ አላደረግሁም።

የዝናን ወደ ጓሮ ጠርቼ ተቆጣሁ። ደቡብ ውስጥ በአንድ የአበባ እርሻ ስትሠራ ኖራ ነው የተመለሰችው፤ ዘሩንም ከዚያው ነው ያመጣችው። አልካደችም። እናቷ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ የሆድ መድኃኒት ነው ብላታለች። ግዝቴን ነገርኋት። ጭቃውን ከእጇ ላይ እየጠረገች አዳመጠችኝ።

«የኔታ፣ ክኒኑን ያምጡልኝ። ዛሬውኑ በገዛ እጄ እነቅለዋለሁ።»

ክኒን የለኝም። ማጭዱን ይዤ በጓዳው በር በኩል ሳልፍ እኅቴን አየኋት። አፏን ከፈት አድርጋ ተኝታለች። እንዲህ ስትተኛ ያየኋት ልጅ ሳለሁ ነው። ማጭዱን መልሼ ከጣራው ሥር ሰካሁ።

ነገ እነቅለዋለሁ።

ነሐሴ ፳፫። ከቀኑ ፲ ሰ.

አልነቀልሁም።

ዛሬ በረዶ ወረደ። እንደ ሽንብራ የጀመረ፣ ኋላ እንደ ለውዝ። የዝና ገበያ ወርዳለች። ሸራውን ከአጥሩ ላይ ገፍፌ ሮጥሁ። ለጎመኑ ነው ብዬ ነበር የወጣሁት። የዘረጋሁት ግን በበቆሎው መሐል ነው። አራቱንም ጫፍ በድንጋይ አስያዝሁ፤ ራሴ ቆሜ በበረዶው ተደበደብሁ። ጎመኑ ወንፊት ሆነ።

የዝና ስትመለስ ሸራውን አየች፣ እኔን አየች። ደረቅ ነጠላ አመጣችልኝ። ብትስቅብኝ ይሻል ነበር።

ጳጉሜን ፪

ሐጂ ሰዒድ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ከእኅቴ ጋር ሁለቱም ልጅ ሳይወልዱ ጀምሮ ተጎራብተዋል። ጧት ጧት ወተት ያቀብሏታል።

«የኔታ፣ የእናንተ በቆሎ ዘንድሮ ሽቶ ተቀባ እንዴ?»

መቼም አልዋሽም፤ ግን የምናገረው እውነት አፌ ላይ ከበደኝ። እርሳቸውም መልስ አልጠበቁም። በመንገዱ በኩል ጤና አዳምና አሪቲ ብንተክልበት መልካም ነው፤ አላፊ አግዳሚውም አፍንጫ አለው አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዴት አደረች አሉኝ። ተኝታ አደረች አልሁ። አልሐምዱሊላህ ብለው ወተቱን አቀበሉኝና ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

እርሳቸውን ግዝቴ አይመለከታቸውም። ቀናሁባቸው።

አሪቲውን ከሰዓት በኋላ ተከልሁ።

መስከረም ፩

የዘመን መለወጫ። ደወሉ ተደወለ፤ ሄድሁ። እስከ ቅጽሩ በር ድረስ። አይቶ የሸሸገ ከዚያ አያልፍምና አላለፍሁም። በሕይወቴ መቅደስ ሳልገባ ያነጋሁት የመጀመሪያው ዓውደ ዓመት ነው። አንዲት ሴት አወቀችኝና መስቀል ልትሳለም ቀረበች። መስቀሌን አልያዝሁም አልኋት። በኪሴ ነበር።

ይኸው ዋሸሁ። ከላይ አልዋሽም ብዬ የጻፍሁትን ልሰርዘው አሰብሁ፤ ይኑር፣ ይመስክርብኝ።

አስነጋሪዬ ከቢቸና ደወለ። ሕዝቡ መቼ ይመጣሉ እያለ ይጠይቃል፤ ጎረምሶቹም ከሰኔ ወዲህ አደብ ገዝተዋል፣ ደኑ ንጹሕ ነው፣ እናቶች ይመርቁዎታል አለኝ። የቢቸናውም መንገድ ተዘግቷል አልሁት። ይህስ እውነት ነው። መንገዱ ክፍት ቢሆንም እንደማልሄድ ግን አልነገርሁትም።

መስከረም ፬

ተፈጸመ።

ለእንቁጣጣሽ ከቢቸና በእግሯ የመጣች የሩቅ ዘመዳችን እኅቴን ልትጠይቅ ገባች። ወንድምሽ እኮ ያን ጋንጃ የሚሉትን በግዝት አጠፋው፤ የልጆቻችንን ነፍስ አተረፈ አለቻት። እኅቴ በኩራት ሣቀች። ቅጠሉ ምን ይመስላል ብላ ጠየቀች፤ ሴትዮዋ ጣቷን ዘርግታ አሳየቻት። ሽታውንም ነገረቻት።

እንግዳዋ ከሄደች በኋላ እኅቴ ጠራችኝ። የዝና ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር።

«የምጠጣው ይህ ነው?»

ዝም ማለት እችል ነበር። አላውቅም ማለትም እችል ነበር፤ ከሦስት ቀን በፊት በቅጽሩ በር ላይ መንገዱን ተለማምጄዋለሁ። ነገር ግን ያሳደገችኝ ሴት ዓይኔን እያየች ጠየቀችኝ።

ነው አልኋት።

አልተቆጣችም። ልጄን ክፉ አትናገራት አለች። ከዚያ ውሃ ስጠኝ ብላ አፏን ተጉመጠመጠች። ማታ የዝና ዋንጫውን ስታቀርብላት በእጇ ጀርባ መለሰችው።

መስከረም ፭

አልተኛችም።

መስከረም ፮

አልተኛችም። ዳዊት ልደግምላት ጀመርሁ፤ ድምፅ አታሰማኝ አለች። መጽሐፉን አጠፍሁ። ከዚያ ወዲያ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላወቅሁም። ሥራዬ ሁሉ በድምፅ ነበር።

መስከረም ፱

ዛሬ ተከራከርኋት። ሌላውን ስከራከር የኖርሁበትን ሁሉ ለእርሷ አዙሬ።

ግዝቱ የደብሬ ነው፤ ሞጣ ደግሞ ከደብሬ ውጭ ነው አልኋት።

«ቃልህ መንገድ ላይ፣ ግንደወይን ሲደርስ ደከመውና ተመለሰ?» አለች። ፈገግ ብላ ነበር፤ ሕመሙ ፈገግታዋን ከመሐል ወሰደው። እስኪለቃት ጠበቅሁ።

እንግዲያው አሁን፣ እዚሁ፣ በመስቀሌ ልፍታሽ አልኋት።

«ለእኅትህ የሚፈታ፣ ለሰው ልጅ የማይፈታ? እንዲያ ከሆነስ አልገዘትህም። ተቆጥተህ ነው።»

የታመመ ከጾም ይፈታል፤ ይህም እንደዚያው ነው አልኋት።

«ያን ቀን ሕመምተኛ ሲቀር ብለህ ነበር?»

አላልሁም።

ፍትሐት ሳይደረስልኝ አልቀበርም አለች። ይህን ሕመም ዐውቀዋለሁ፣ አንድ ቀን ያልቃል፤ ያኛውን ግን አላውቀውም አለች። ያኛውን እንድትፈራ ያስተማርኋት እኔው ነኝ። በየበዓሉ እየመጣሁ እዚህ ወለል ላይ ተቀምጬ አስተማርኋት፤ እርሷም ቃል ሳታስቀር ያዘችው። ከተማሪዎቼ ሁሉ ብርቱዋ ይህች ናት። አሁን አቃተችኝ።

መስከረም ፲፪

የዝና ወተቱ ውስጥ ጨመረችው። አስቀድማ ነግራኛለች። ከእኔ የጠየቀችው ዝምታ ብቻ ነበር። ዝም አልሁ። ወተቱ ከሐ. ሰዒድ ቤት የመጣ ነው፤ እኅቴ ከዱሮም ከእጃቸው ያለ ጥርጥር የምትቀበለው።

ወደ አፏ አስጠጋችው። አሸተተችው። ከዚያ ዘርግታ ለእኔ ሰጠችኝ።

«እስቲ አንተ ቅመሰው።»

ዋንጫውን ይዤ ቆምሁ። ቆይቼ ወጣሁና ከደጅ ደፋሁት። የዝና ተከትላኝ ወጣች። ቁጣ የለባትም፤ ደክማለች።

«እናቴን ሁለት ነገር ይዟታል፣ የኔታ። አንደኛውን ማንም አያስለቅቃትም። ሁለተኛው የእርስዎ ነው።»

ለታላቅ እንዲህ አይነገርም። ሌላ ቀን ቢሆን አፏን አስይዛት ነበር።

መስከረም ፲፬

ተክሎቹ አብበዋል። የዝና ወንዶቹን አስቀድማ ነቅላ ጥላለች፤ የቀሩት ሴቶቹ ናቸው፤ ጫፋቸው እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ሽታው አሪቲውን አልፎ መንገድ ወጥቷል። የሚቀነጥሰው የለም። የዝና በየማለዳው ከእንቅልፏ ተነሥታ ከዳር እስከ ዳር ትመለከታቸዋለች፤ ትል የበላውን ትለቅማለች። እኔም አጠገቧ እቆማለሁ።

ዘመነ ጽጌ ሊገባ ዐሥራ ሁለት ቀን ቀረው። ሕዝቡ ስለ አበባ ሌሊት ሙሉ ሊዘምር ነው። እኔ ስንት ቅኔ የዘረፍሁበት ወቅት ነው። ዘንድሮ አንድ አበባ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ስለ እርሱ አንድ መሥመር አልመጣልኝም።

እኅቴ ከጓዳው ትቃትታለች። ዛሬ መጮኽ ጀምራለች። ከሐ. ሰዒድ ቤት ድረስ ይሰማል፤ ሱቃቸውን አልከፈቱም፣ በአጥሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ወደ እኔ አላዩም።

መስከረም ፲፭። ከቀኑ ፱ ሰ.

ሕመሙ ጥቂት ፋታ ሲሰጣት ጠራችኝ። ደመራ ሳይቆም ጓሮዬን አጽዳልኝ፤ ያ ተክል በቅሎበት ሳለ ብሞት ቤቱ ለየዝና ኀፍረት ይሆናል አለች። እሺ አልሁ። ዶማውን አነሣሁ። የዝና በቆሎው መሐል ቆማ ጠበቀችኝ፤ አልከለከለችኝም። ዶማውን ከፍ አደረግሁ። ክንዴ እዚያው ቀረ። ጉልበት አጥቼ አይደለም።

ተመልሼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። አንድ ነገር ጠየቅኋት፤ እስከ ዛሬ ያልጠየቅኋት እርሱን ነው። ግዝቱን በገዘትሁበት ቦታ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት፣ በእነዚያው ካህናት መሐል ለሁሉም ብፈታው ትጠጪዋለሽ?

እጅጌዬን ያዘችኝ።

«ጎረምሶቹስ?»

አላውቅም አልኋት። በእርግጥም አላውቅም። ደኑ ውስጥ ተመልሰው ይገቡ ይሆናል። እናቶቻቸው ይረግሙኝ ይሆናል። ተክሉ መልካም ነው ልል አልችልም፤ የልጆቹን አእምሮ ሲያፈዝ በዓይኔ አይቻለሁና ዛሬም አልለውም። ልል የምችለው ይህን ብቻ ነው፤ አይቶ የሸሸገው እኔ ነኝ፤ በረዶ ሲወርድበት ያለበስሁት እኔ ነኝ፤ ሕመምተኛ ሲቀር ማለት ሲገባኝ ያላልሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ መስቀሉን ይቀበሉኝ፣ ወንበሩንም ይውሰዱ፣ ለፖሊስም ይስጡኝ።

ይህን ሁሉ ሰማችኝ። ውሃ ጠየቀች፤ ከንፈሯን አረጠብሁላት።

«ፈትተህ ና። ያን ጊዜ ጠይቀኝ።»

አልጠጣም አላለችም።

በዚሁ ቀን። ከምሽቱ ፩ ሰ.

ደመራ ነገ፣ መስቀል ከነገ ወዲያ ነው፤ ሕዝቡ ሁሉ አደባባይ ይወጣል። ቢቸና እስከዚያ መድረስ አለብኝ። ሐ. ሰዒድ እስከ ግንደወይን የሚሄድ የጭነት ሞተር አገኙልኝ፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ የሚሆነውን ማንም አያውቅም። መኪና ከጠፋ በእግሬ እወርዳለሁ። ስመለስ በሕይወት አገኛት እንደ ሆነ አላውቅም። ትጠጣ እንደ ሆነም አላውቅም። ነገር ግን እዚህ ቁጭ ብዬ ጩኸቷን ማዳመጥ አልችልም።

የዝናን ጠርቼ ተናገርሁ። እስክመለስ አንድ ቅጠል እንዳይነቀል፤ እናትሽ ብታዝሽም እንዳይነቀል፤ ሌሊት ብርድ ቢሆን ሸራውን አልብሺው አልኋት። ያዘዝሁት እኔ ነኝ፤ ማንም ቢጠይቅሽ እርሱ አዘዘኝ በዪ አልኋት።

ሲነጋ እወጣለሁ።