የሙሽራዋን በቅሎ የጣለች ጠመንጃ

እሑድ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ አምቦ

ዛሬም ቅቤ። ጨርቅ፣ ቀጭን ዘንግ፣ አንድ ጣሳ ቅቤ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብረቶቼን አንድ በአንድ እያወረድኩ እወለውላለሁ፤ እንደ ሁልጊዜው። ጉልበቴ እምቢ ብሏል። ቢልስ!

አንተ ደብተር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምናገረውን የምትጽፍብህ ልጄ አስቴር ናት፤ አውራጃ ጽ/ቤት ታይፕ ትመታለች። እንዳታሳምሪው ብያታለሁ። ያልኩትን ብቻ።

ግድግዳው ሁሉ የአሜሪካ አንድ ጎራሽ ጠመንጃ ነው። አንድ ጥይት ታጎርሳለህ፣ ትተኩሳለህ፣ እንደገና ታጎርሳለህ። ጠላት ከወጣ ወዲህ ሰው አምስት ጎራሽ ሲያሳድድ እነዚህን ጣላቸው። እኔ ለቀምኩ። አንዷን ካቺሲ የዶሮ ቆጥ ሆና አገኘኋት። አንዷን ሐሮ ወንጪ፣ ሐይቁ ዳር፣ የታንኳ ማሰሪያ ካስማ አድርገው ጭቃ ውስጥ ተክለዋት። ከኋላዬ «አሮጌ ብረት ለቃሚ» ይሉኛል። ፊት ለፊት ግን ግራዝማች! አምስት ያለው ይረጫል። አንድ ያለው ያነጣጥራል።

ሁሉንም ወለወልኩ። አንዷን አልነካሁም። ጥግ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሬ የሰቀልኳትን። ስለ እሷ ዛሬ አልናገርም። አስቴር፣ በቃ ዝጊው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 10፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ሳሙና ልገዛ ሱቅ ሄድኩ። ባለ ሱቁ ሸምሱ ከጊንጪ ተመልሷል። ኦቦ ቶሎሳ አልጋ ይዟል አለኝ። እህል አይወስድም። ይህን ሲነግረኝ ዓይን ዓይኔን ያያል። ምን እንድል ነው? እግዜር ይማረው አልኩና ወጣሁ። ቤት ስደርስ የሄድኩበትን ሳሙና ረስቼዋለሁ።

ለደብተሩ ልንገረው፤ ሌላው ሰውማ ያውቃል። ቶሎሳ አበልጄ ነው። የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ያ ልጅ ያገባ ዕለት ለደስታ ተኩስ ብዬ ያችን ይዤ ሄድኩ፤ ጥግ ያለችውን። አንድ አፈሙዝ፣ ሁለት ምላጭ። እንዲህ ያለ ማንም አላየም። ገና አዲሴ ነበረች። ጊንጪ ሙሉ እንዲያይልኝ ነው የወሰድኳት፤ አልዋሽም።

አጉርሼ፣ መዶሻዋን ወደ ኋላ ስቤ ቆምኩ። ቶሎሳ እስቲ ልያት ብሎ ከእጄ ወሰደ። ነካካት፣ ሳቀ፣ መለሰልኝ። አንገቷን ያዝኩ። መያዝ ብቻ! ጮኸች።

የሙሽራዋ በቅሎ ወደቀች። ጥልፍ ኮርቻዋን እንደለበሰች፣ ዘፈኑ መሀል።

ሳልስባት ተኮሰች አልኩ። ማን ይመን? በቅሎዋ የቶሎሳ ናት፤ ስጠኝ ብዬው እምቢ ብሎኝ ነበር፤ አገር ያውቃል። በቅናት ገደላት ተባለ። ቶሎሳም እንደዚያው አለ። ያን ጊዜ እንደተለያየን አለን። ሽማግሌ ተላከ። ጥፋትህን አምነህ፣ ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ ጠይቅ አሉኝ። ላልሳብኩት? አልሸከምም!

ብረቷን ግን ጠበል ወሰድኳት። ክፉ መንፈስ ቢኖርባት ነው ብዬ። አምቦ ጠበል፣ ያ የሚፈላው ውሃ። ቄሱ እየሳቁም ቢሆን ረጩላት፤ እኔ ደግሞ ነከርኳት። መንፈሱ ይውጣ አይውጣ እንጃ። ዝገቱ ግን ገባ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 14

አስቴር አንድ አሜሪካዊ አመጣች። የት/ቤት አስተማሪ። በሩ ለቁመቱ አልበቃውም። «እንደምን አደርሽ፣ ግራዝማች» አለኝ። አስቴር አፏን በነጠላዋ ያዘች። እንግዳ ነው፤ ደህና አልኩት።

ግድግዳውን ሲያይ ቆሞ ቀረ። እያወረደ አፈሙዛቸውን ለብርሃን ያነሳል፣ በአንድ ዓይኑ ያያል፣ ከራሱ ጋር ያወራል። ጣቱን አሸተተ። ቅቤ አይሆንም፣ የስፌት መኪና ዘይት ነው የሚደረገው፣ አያቴም እንዲህ ያለ ነበረው አለ። አያትህ ቅቤ አጥቶ ይሆናል አልኩት። አስቴር ትተርጉመው አትተርጉመው አላውቅም።

ጥግ ያለችውን አያት። እሷን ተዋት አልኩ። አልሰማኝም፤ አዞራት። ዝገቱን ሲያይ ለቅሶ ቤት የገባ መሰለ። ይቺ የጦርነት አይደለችም፣ ኢላማ ለመምታት የምትወዳደርባት ናት አለ። ባዶነቷን አይቶ፣ መዶሻዋን ስቦ፣ የኋለኛውን ምላጭ ሳበ። ቀጭ አለች፤ መዶሻው አልወደቀም። ከዚያ ፊተኛውን በጣቱ ጫፍ ነካ። አልሳበም። ነካ። ጧ!

የኋለኛው እንደ ወጥመድ ይጠምዳታል ይላል። ከተጠመደች ለፊተኛው ትንፋሽ ይበቃዋል፤ የተኳሹ እጅ እንዳይናወጥ ብለው ነው። ካልተጠመደች ግን ፊተኛው እንደ ማንኛውም ምላጭ ጠንካራ ነው። ለካ ለዚህ ነው! ከሠርጉ በፊት ስሞክራት በፊተኛው ብቻ ነበር፤ ደህና አድርጋ ተኩሳለች። የኋለኛውን ጌጥ መስሎኝ ትቼዋለሁ።

ቁጭ አልኩ። አሜሪካዊው አሞት ይሆን እያለ አስቴርን ይጠይቃል። አላመመኝም። ምን እንደሆንኩ ግን አላውቅም።

እሑድ፣ ጥቅምት 15፣ ረፋድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ብረትም አልወለወልኩም።

መንፈስ የለባትም። መልካም። ጣቴ ነክቷታል። ይሁን፣ መልካም። ታዲያ ማን ጠመዳት? እኔ የኋለኛውን ስቤው አላውቅም። ከእጄ ወጥታ የገባችው አንድ ሰው እጅ ነው።

ቶሎሳ! የገዛ በቅሎውን!

ጠዋት ደስ አለኝ። ቁርስ ላይ ደሜ ፈላ፤ ይህን ሁሉ ዘመን በከንቱ ቅናተኛ ተብዬ! አሁን ደግሞ ሆዴ ባባ፤ ለማን እንደሆነ አልገባኝም። ሰውየው እህል አይወስድም። ሄጄ የአንተ ጣት ነው ልበለው? እውነት ነው። ዝም ልበል? ስሜ እንደጠፋ ልቀበር? እሱስ ቀድሞኝ ቢቀበር ለማን እናገራለሁ?

አስቴርን ጠየቅኩ። አባባ እንደፈቀዱ አለች። እንደፈቀድኩ! የፈቀድኩትን ባወቅሁማ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 17

ነገ ጊንጪ። በአውቶቡስ፣ ብረቷን በጋቢ ጠቅልዬ። አስቴር አብሬ ልሂድ አለች፤ አይሆንም። የምለውን መንገድ ላይ አስባለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 19

ተመልሻለሁ። አስቴር፣ ቀስ ብለሽ ጻፊ።

በር ላይ የክርስትና ልጄ ቆሟል። ጋቢውን ስፈታ ፊቱ ተለወጠ። ይቺን ብረት ወደዚህ ቤት? ባዶ ናት፣ ፈትሽ አልኩት። ፈተሸና አሳለፈኝ።

ቶሎሳ አልቋል። ምላሱ ግን እንዳለ ነው። «አካም ጅርታ፣ ኦቦ» ብዬ ሰላም አልኩት።

«አሁን ደግሞ ምኔን ልትገድል መጣህ?» አለኝ። «አንዲት ላም ናት የቀረችኝ።»

መዶሻዋን ስቤ ጭኑ ላይ አኖርኳት። የኋለኛውን ሳብ አልኩት። ቀጭ። አሁን ፊተኛውን ንካ፤ የሕፃን ጉንጭ እንደምትነካ። ጧ! ደነገጠ። አምጣ ድገምልኝ አለ። መዶሻዋን ሳብኩለት፤ ደገመ። አሁንም ድገምልኝ አለ።

«ዱጋ?» አለ። እውነት? ማለቱ ነው።

«ዱጋ።»

«ያን ቀን አልሳብክማ።»

«አልሳብኩም ብዬሃለሁ።»

ነገሩ ወደ ራሱ ሲዞርበት ቁጭ ብዬ አያለሁ። የኋለኛውን ምላጭ አየ። ጣቱን አየ። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ቃል አፌ ውስጥ ነው፤ ለመትፋት ምንም አልቀረኝም።

«አበልጄ» አለ። እንዲህ ብሎ ከጠራኝ ስንት ዘመኑ! «ያን ቀን ከእጅህ ስወስዳት የኋለኛውን ስቤው ነበር?»

«አላየሁም» አልኩት። «ዘፈን ነበር። ሰው ይገፋ ነበር።»

ብዙ አየኝ። ከዚያ ልጁን ጠርቶ ማዕድ አቅርቡ አለ። ረቡዕ ነውና ሽሮ ቀረበ። አጎረሰኝ። እኔም አጎረስኩት። ዋጠ። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ብረቷን እዚያው ተውኳት። ምሰሶው ላይ ሰቀሏት። ቅቤ እንዳታስነኳት፣ የስፌት መኪና ዘይት ነው አልኳቸው፤ ድሮም የማውቀው አስመስዬ።

አሁን ጥጉ ባዶ ነው። ሚስማሩ ብቻ። ቅር ብሎኛል፣ ቀሎኛል፤ የትኛው እንደሚበልጥ አትጠይቂኝ።

አስቴር እዚህ ላይ ብዕሯን አነሳች። አባባ፣ በእውነት አላዩም? ትለኛለች።

ጻፊ። እጁ ላይ የብር ቀለበት ነበረ። ገለባበጣት፣ ከዚያ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት ብሎ ጣቱን ወደ ኋለኛው... አይ። ይህን ሰርዢው። እንዲህ በይ፤ ዘፈን ነበር፣ ሰው ይገፋ ነበር፣ እኔም ወደ ሙሽራዋ እያየሁ ነበር። በቃ፣ ዝጊው።